ጠብታው

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017
ከማቅለሚያው የወጣው ሰማያዊ ጨርቅ ዝንጉርጉር ሆነ። ፎርማኑ ቀለሙን ወቀሰ። እኔ ገና ያልተቀለመውን፣ ተቀቅሎ አልቋል የተባለውን ጨርቅ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ውሃ ጠብ አደረግኩበት። መሃሉ ላይ ያረፈው ጠብታ ወዲያው ተመጠጠ። ዳር ላይ ያረፈው ግን ጎመን ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ ድብልብል ብሎ ተቀመጠ። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ ደቂቃ አለፈ፣ ንቅንቅ የለም። ሰሙ አልወጣም ማለት ነው። ጥጥ ከማሳ ይዞት የሚመጣው ሰም ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ውሃን ደጅ ለማስቆም ግን አያንስም።

መዝገቡን ባየው ከመቀቀያው ዌቲንግ ኤጀንት፣ ማለትም ውሃው ክሩን እንዲያርሰው የሚያደርገው ኬሚካል፣ ተቀንሷል። «ለቁጠባ» ይላል! ኮስቲክ ሶዳው ሰሙን የሚያወጣው ክሩ ውስጥ ሲገባ ነው፤ አስገቢውን ቀነሱበት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ተለማማጇ «ጋሼ፣ ይሄ ዌቲንግ ኤጀንት ሳሙና ነው እንዴ?» አለችኝ። ዘመዱ ነው አልኳት። ካልተቀቀለ ጨርቅ የሳንቲም ያህል ሁለት ክብ ቆረጥን። ንጹሕ ውሃ ላይ የጣልነው ተንሳፎ ቀረ፤ ኬሚካሉ ጠብ ያለበት ውሃ ላይ የጣልነው ትንሽ አመነታና ሰመጠ።

ውሃ እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ ገጹ እንደ ቆዳ የሚወጠረው ለዚህ ነው። ውጥረቱ በክፍል ሙቀት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ኬሚካል ወደ 30 ያወርደዋል። የሞለኪዩሉ ጭንቅላት ውሃ ይወዳል፣ ጅራቱ ይሸሻል። ጅራቱ ሰሙ ላይ ሲለጠፍ ጭንቅላቱ ወደ ውሃው ይዞራል፤ ውሃውም ሰሙን መሸሹን ትቶ ይተኛበታል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ፎርማኑ አምኖኛል፤ ከመጠን በላይ። ኬሚካሉን እጥፍ ጨምሮ ወለሉን አረፋ በአረፋ አደረገው። የውሃው ገጽ አንዴ ከሞላ የተረፈው ሞለኪዩል ውስጥ ለውስጥ ጅራቱን ሸሽጎ ይሰባሰባል እንጂ ውጥረቱን አይቀንስም። ትርፍ የሚጫንበት ታክሲ አይደለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
የዝናብ ልብስ ጨርቅ ትእዛዝ መጣ። ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባው ከመቀባቱ በፊት በደንብ እንዲለቀለቅ አዘዝኩ፤ ዌቲንግ ኤጀንት ጨርቁ ላይ ከተረፈ ቅቡ ከንቱ ነው። ከተቀቡት ሁለት ናሙናዎች ባልተለቀለቀው ላይ ጠብታው ሰረገ። በተለቀለቀው ላይ ተድቦልቡሎ ተንከባለለ። «ይሄ ጥሩ ነው» ስል ፎርማኑ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ባለፈው ሳምንት ሐሙስ እንዲህ ሲሆን አልነበር የተቆጣኸው?»