ካፈርሁበት የተማርሁት

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ የዚህን ምሳሌ ትርጉም በትክክል የተረዳሁት መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ባለፈው የወላጆች ቀን፥ በብዙ ሰው መካከል፥ ኮምፒዩተር ፊት ቆሜ ነው። ነገሩ ለጓደኞቼ ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ በዊንዶውስ የሚሠሩ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከአንድ የበላይ ክፍል ተማሪ ሁለት ነገር ተማርሁ። ይኸውም የኢንተርኔቱ መስኮት ስክሪኑን ሁሉ እንዲሞላ ኤፍ 11ን፥ በፓወርፖይንት የተዘጋጀ ስላይድ በሙሉ ስክሪን እንዲታይ ደግሞ ኤፍ 5ን መጫን ነው። በእነዚህ ሁለት ቁልፎች ምክንያት በክፍሌ «የኮምፒዩተር ዐዋቂ» ተባልሁ፤ ስሙም እጅግ ደስ አሰኘኝ።

አንድ ቀን ከኋላዬ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፥ «እስኪ እንዴት እንደምታደርገው አሳየኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔም፥ «ይህ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?» ብዬ መለስሁላት። እውነቱን ለመናገር እርሷም ካወቀች የእኔ ዐዋቂነት ያበቃል ብዬ ፈርቼ ነው። ዳግመኛም አልጠየቀችኝም።

የወላጆች ቀን በደረሰ ጊዜ ስለ ደም ዝውውር ያዘጋጀነውን ስላይድ እንዳሳይ ተመረጥሁ። እናቴ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጣች፤ ዘግይታ ስለ ነበር ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚያ ዕለት ግን የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ አልነሣ ስላለ መምህራችን የራሳቸውን ማክ አምጥተው ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኙት። «ትችለዋለህን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ማክ ነክቼ የማላውቅ ስሆን፥ «አዎን፥ እችላለሁ» አልኋቸው።

ስላይዱ ተከፈተ፤ ነገር ግን ዙሪያውን በሜኑና በልዩ ልዩ ምልክት ተከቦ በጠባብ ቦታ ስለ ታየ ጽሑፉ ከኋላ ላለ ሰው የሚነበብ አልነበረም። ኤፍ 5ን ተጫንሁ፤ ከቁልፎቹ ሥር ያለው ብርሃን ደበዘዘ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ኤፍ 11ን ተጫንሁ፤ የድምፅ ምልክት ብቅ ብሎ ድምፁ ዝቅ አለ። ደጋግሜ ብጫነው ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። በአዳራሹ ሳቅ ተነሣ። ቀና ብል እናቴ አንገቷን አስግጋ ስትመለከት አየኋት፤ ላቤም በጀርባዬ ወረደ።

በዚህ ጊዜ ያች ዝምተኛ ልጅ ቀስ ብላ መጥታ፥ «ከላይ ያለውን ሜኑ አንብበኸዋል?» አለችኝ። አላነበብሁትም ነበር። ስለ ስላይድ ማሳያ የሚናገረውን ዝርዝር ከፈተች፤ በውስጡ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሳይ የሚል ትእዛዝ፥ ከጎኑም የሚጫኑት ቁልፎች ምልክት ተጽፎ ነበር፤ ኮማንድ፥ ሺፍትና ሪተርን። ትእዛዙን ስትመርጥ የልብ ሥዕል ግድግዳውን ሁሉ ሞላው። እርሷም ብትሆን ከዚያ ቀን በፊት ማክ ነክታ አታውቅም። ልዩነታችን እኔ በቃሌ መያዜ፥ እርሷ ግን ማንበቧ ብቻ ነው።

ማታ እናቴ፥ «ያች ልጅ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከልክያት እንደ ነበረ ሳልደብቅ ነገርኋት። እርሷም፥ «ልጄ፥ ብታሳያት ኖሮ ካንተ ላይ ምን ይጎድል ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

በማግሥቱ ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከዚያም ወዲህ አብረን እንማራለን። ያገኘነውን በአጭሩ ልግለጽ። መስኮትን ማስፋትና ሙሉ ስክሪን ማድረግ አንድ አይደሉም። በዊንዶውስ የዊንዶውስን ቁልፍ ከላይ ቀስት ጋር ብንጫን መስኮቱ ይሰፋል፤ አናቱና ከስክሪኑ ግርጌ ያለው የፕሮግራሞች መደዳ ግን አይጠፉም። ኤፍ 11 በኢንተርኔት መስኮት ላይ ይህን ሁሉ ይሰውራል፤ በብዙ ላፕቶፖችም ኤፍ ኤን የተባለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል። በማክ ብዙ ፕሮግራሞችን ሙሉ ስክሪን የሚያደርጋቸው ኮንትሮል፥ ኮማንድና ኤፍ የተባለችው ፊደል በአንድነት ሲጫኑ ነው። በመስኮቱ ጥግ ያለችው አረንጓዴ ነጥብም ይህንኑ ትሠራለች፤ ቀድሞ ግን መስኮቱን ከማስፋት አታልፍም ነበር፤ ሥራዋ የተለወጠው በ2014 እ.ኤ.አ. ዮሰሚቲ በተባለው እትም ነው። በሊኑክስ ብዙ ፕሮግራሞች ኤፍ 11ን ይቀበላሉ፤ ሊብረኦፊስ ራይተር ግን ኮንትሮል፥ ሺፍትና ጄን ይጠይቃል። መውጫውንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስላይድ በኢስኬፕ ይዘጋል፤ በዊንዶውስ በኤፍ 11 የሞላ የኢንተርኔት መስኮት ግን የሚመለሰው ራሱን ኤፍ 11ን ዳግመኛ በመጫን ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ቁልፉ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይለያያል፤ በአንዱ መሣሪያ ላይ እንኳ በዘመን ብዛት ይለወጣል። ቁልፍን ብቻ በቃሉ የያዘ ሰው መሣሪያው ሲቀየርበት እንደ እኔ ያፍራል፤ ማንበብና መጠየቅ የለመደ ግን በማያውቀውም ላይ መንገድ አያጣም። ከሁሉም በላይ የምታውቁትን ለሚጠይቃችሁ አትከልክሉ። እኔ የከለከልኋት ልጅ በጭንቄ ቀን አልከለከለችኝምና።