ማን ለማን ከፈለ?

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ገላን ጉራ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። አክስቴ ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደዚያ ከተዛወሩ ወዲህ ጎረቤቱ ቢቀየርም አንድ ልማዳቸው አልተቀየረም፤ ጋዜጣ ላይ የወደዱትን ጽሑፍ በመቀስ ቆርጠው ቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀምጣሉ። የዚያን ቀን ያወጡልኝ ቁራጭ ስለ ካናዳ የሥራ ቪዛ ነበር። ከላይ «ባለሙያው ምን ይላሉ?» ይላል።

«ልጄ፣ ይኼን አይተሻል? እንዲህ ያለ አዋቂ እያለ ያን ልጅ ዝም ብለን አስቀመጥነው» አሉኝ። ያን ልጅ ያሉት የመጨረሻ ልጃቸውን ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣ ሁለት ዓመቱ፣ ሥራ የለውም። ለቀብድ የሚሆን የዕቁብ ገንዘብ ደርሷቸዋል።

ጽሑፉን አይቼዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ ውስጥ የቪዛ ማማከር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የማርኬቲንግ ኦፊሰር ነበርኩ። ከጋዜጣው ጋር የተፈራረምነው ውል አንድ ገጽ ተኩል ነው። ጽሑፉን እኛ እናቀርባለን፤ ጋዜጣው ቋንቋውን ሊያርም ይችላል፣ ሐሳቡን ግን አይነካም። ከሥራ አስኪያጃችን ስም በፊት «የኢሚግሬሽን ባለሙያ» የሚል ይገባል። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥራችን ይወጣል። «ማስታወቂያ» የሚል ቃል የትም ቦታ አይጻፍም። ለአንድ ወር ደግሞ የሌላ ድርጅት ባለሙያ በዚያ ገጽ ላይ አይቀርብም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባሁት እኔ ነበርኩ፣ ኮርቼባታለሁም። ክፍያው ከተራ ማስታወቂያ ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንባቢው ማስታወቂያ እያነበበ መሆኑን አያውቅም።

ጽሑፉ ውስጥ ውሸት የሚባል አልነበረም። ችግሩ የተተወው ነው። የካናዳ ቪዛ ማመልከቻ አማካሪ ሳይያዝ በራስ ሊሞላ እንደሚችል አልጻፍኩም። በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 91 መሠረት ተከፍሎት አመልካችን መወከል ወይም ማማከር የሚችለው የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው፤ ጠበቆችና በጠበቆች ማኅበር ሥር ያሉ ባለሙያዎች፣ የኩቤክ ኖታሪዎች፣ እንዲሁም ከአማካሪዎች ኮሌጅ ፈቃድ ያገኙ አማካሪዎች። የኮሌጁ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ስም አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ስም እዚያ የለም። ያንን ሁሉ ረቂቁ ላይ «ውስብስብ ሂደት» በምትል ሐረግ አልፌው ነበር።

ሳሙና ብሸጥ ኖሮ ይህን ያህል ባልጨነቅኩ። አንድ ሰው በማስታወቂያ ተታሎ መጥፎ ሳሙና ቢገዛ ሌላ ይገዛል። ለካናዳ ማመልከቻ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም መረጃ የቀረበበት ሰው ግን አምስት ዓመት ሊታገድ ይችላል፤ ፎርሙን የሞላለት ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ።

ቶናው ሲቀዳ ለአክስቴ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ስምሽ ለምን የለበትም?» አሉ።

«አስተዳዳሪው ናቸው የተናገሩት ተብሎ ነው የሚወጣው፣ አክስቴ።»

«ገንዘቡንስ ማን ለማን ነው የከፈለው?»

«እኛ ለጋዜጣው።»

«እኔ እኮ ጋዜጣው ለአዋቂው የሚከፍል ነበር የሚመስለኝ።»

የቢዝነስ ዲግሪዬን ይዤ ከዚህ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም። ጋዜጣ ባለሙያን ፈልጎ አበል ቢከፍለው ወይም በነፃ ቢያናግረው፣ ጥያቄውን የሚመርጠው ጋዜጣው ነው። ባለሙያው ራሱ ከከፈለ ጥያቄውንም መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው። የአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ እኔ ግን ሥራዬን ማስታወቂያ ብዬ ስላልጠራሁት አዋጁ ትዝ ብሎኝም አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ለቀጣዩ ወር አዲስ ረቂቅ ውል ይዤ ገባሁ። በገጹ አናት ላይ ከርዕሱ እኩል በሚታይ ፊደል «ማስታወቂያ» ይጻፍ። ፈቃድ ካለን ቁጥሩ ይውጣ፣ ከሌለን ባለሙያ አንባል። አመልካቹ ራሱ መሙላት እንደሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። አዘጋጁ ከፈለገ ሌላ ባለሙያም ይጠይቅ። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ሳይቆጡ «እሺ፣ ታዲያ ማን ይደውልልናል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያ ጽሑፍ በወጣበት ሳምንት ስልካችን አላረፈም ነበር።

አንዷን ዓረፍተ ነገር ተቀበሉኝ፣ እሷም በትንሽ ፊደል ከስልክ ቁጥሩ ሥር። ቤት ኪራይ ነበረብኝና ወዲያው አልለቀቅኩም። ሁለት ወር ቆይቼ ሌላ ሥራ ሳገኝ ወጣሁ። ድርጅቱ ዛሬም ገጹን እየከፈለ ይወጣበታል።

የዕቁቡ ገንዘብ ቀብድ አልሆነም፤ ልጁ መንጃ ፈቃድ ተማረበት። አክስቴ ጋዜጣ መቁረጣቸውን አልተዉም። አሁን ግን ከመቁረጣቸው በፊት ይደውሉልኛል። አርዕስቱን ያነቡልኝና «ይኼኛውስ ማን ከፍሎበት ነው?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አላውቅም።