የወንጭፍ ዕዳ

ከአዴት እስከ ባሕር ዳር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት ኖሬ፣ ዘጌን የረገጥሁት ግን ገና በ2010 ዓ.ም. ነው። ሰበቡ ደግሞ ውጭ አገር የሚኖር ጓደኛዬ ነበር። በቦርንዮ ደሴት፣ ሥራቸውን ጨዋማ ውኃ ውስጥ በሰደዱ ዛፎች መካከል በጀልባ ሲሄድ የተነሣውን ፎቶግራፍ ላከልኝ። ከዛፉ ላይ አፍንጫው እስከ አገጩ የተንዠረገገ ዝንጀሮ ቁልቁል ያየዋል። ከሥሩ «እኛ አገርስ?» የምትል ጥያቄ ጽፎበታል።

እኛ ባሕር ባይኖረን ጣና አለን ብዬ ጀልባ ተሳፈርሁ። ነጂው በመጀመሪያ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ወሰደን። ከደንገሉ ሥር ጉማሬ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ የደንገል ታንኳ የያዘ ዓሣ አጥማጅ ጥጉን ይዞ ያልፋል። ከዚያ ወደ ዘጌ ዞርን።

ዘጌ ደን ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። መሬቱን በበሬ ማረስም ነውር ሆኖ ኖረ። ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የዘጌ ሰው ግን መዝገቡን ሳይጠብቅ ደኑን አቆይቷል።

ወደ ገዳሙ የሚወስደውን የእግር መንገድ ስንይዝ ልጇን በሆዷ ያዘለች ጦጣ ከቡናው መሐል ወጥታ ከፊቴ ቆመች። ሳላስበው እጄ ድንጋይ ፍለጋ ወረደ።

አንባቢ ይፍረደኝ። በልጅነቴ ሥራዬ ማማ ላይ ወጥቶ በቆሎ መጠበቅ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ልጇን ያዘለች ጦጣ በወንጭፍ መትቼ ጣልሁ። ግልገሉ ከሬሳዋ አልላቀቅ ብሎ እስኪመሽ ጮኸ። አባቴ «አበጀህ!» አለኝ። ማታ እናቴ እሸት ጠብሳ ከሁሉ አስቀድማ ለእኔ ሰጠችኝ። አልበላልኝም፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገርሁም።

መንገዱ ዳር ቡና የሚለቅሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ።

«እማማ፣ ጦጣው ቡናችሁን አይበላም?»

«ይበላል እንጂ! እናባርረዋለን፣ ተመልሶ ይመጣል። ምን ይደረግ ልጄ፣ እሱም አገሩ ነው።»

አዴት ስመለስ ማማችን የነበረበትን ቦታ ሄጄ አየሁት። ከማሳው ዳር የነበሩት ዋንዛና ብሳና ተቆርጠው ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ጦጣ የለም፤ ጠባቂም የለም። አንድም ድንጋይ ሳይወረወር ጦጣውን ያባረርነው በመጥረቢያ ነው።

ለጓደኛዬ የዘጌዋን ጦጣ ፎቶግራፍ ላክሁለት። የአዴቷን ነገር ግን አልጻፍሁለትም ነበር፤ ይኸው ከዚህ ያንብበው።