ከደብረ ብርሃን እስከ ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጤነኛ ሰው በጨዋታ ይጨርሰዋል። አጥንቱን የሚታመም ሰው ግን እያንዳንዷን ጉድጓድ ይቆጥራታል። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ስንመላለስ እኔም አብሬው መቁጠር ጀመርኩ።

የፕሮስቴት ካንሰሩ ወደ ጀርባ አጥንቱ ደርሶ ነበር። የቀጠሮ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤለት እንወጣለን። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ወንበር ስለሚያንገጫግጭ ከፊት አስቀምጠውና ወገቡ ጋ ትንሽ ትራስ አደርግለታለሁ። ጫጫን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ይነጋል። በደህናው ጊዜ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ሳንገዛ አናልፍም ነበር። አሁን ግን በዝምታ እናልፈዋለን። ከዚያ አለልቱ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፤ ከዚያም ሆስፒታሉ።

እዚያ ደግሞ ሌላ መንገድ ይጀመራል፤ ካርድ ክፍል፣ ተራ፣ አግዳሚ ወንበር። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ያንን ወንበር የማውቀው ከበሩ ወዲያ ሆኜ ነው። ስም እጠራለሁ፣ «ትንሽ ይጠብቁ» እላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። «ትንሽ» ስንት ሰዓት እንደሆነ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ደግነቱ ወንበሩ የራሱ ቤተሰብ አለው። አንዷ እናት ቆሎ ታዘግናለች፤ አንዱ ወጣት «እሳቸው ጋደም ይበሉ» ብሎ ይነሳል።

አንድ ቀን ተራችን የደረሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ወጣቱ ሐኪም «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለው። ባለቤቴ ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። ሌሊቱን ትራስ ነክሶ ያደረ ሰው! ሐኪሙም የተባለውን ጻፈ፤ ያንኑ የቀድሞውን መድኃኒት ይዘን ተመለስን። እኔም ነርሷ ዝም አልኩ። በሰው ፊት ቃሉን እንዳላስተባብል ብዬ ነው። የዝምታዬን ዋጋ ግን እሱ 3 ሳምንት ሙሉ ከፈለው።

ከዚያ በኋላ ከልጅ ልጃችን አንድ ደብተር ወሰድኩ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንዲነግረኝ አደረግሁ፤ 0 ምንም የለም፣ 10 ከዚህ የከፋ የለም ማለት ነው። ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የወሰደውን መድኃኒትና የተኛበትን ሰዓት ጻፍኩ። በቀጠሯችን ቀን እሱ እንደ ልማዱ አመሰገነ። እኔም ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና «ዶክተር፣ ምስጋናው የእሱ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይኼ ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ገጹን አገላብጦ አነበበና የሞርፊን ሽሮፕ፣ ከእሱም ጋር የሆድ ድርቀት መከላከያ አዘዘለት። ባለቤቴ «ሱስ ያስይዘኛል» ብሎ ፈርቶ ነበር። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትዕዛዝ፣ በልኩ የሚወሰድ መድኃኒት መሆኑን አስረዳሁት። ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በሰዓቱ መውሰድ እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ነው።

እኛ አገር ሕመምን መቻል ጨዋነት ነው። ምስጋናውም ጸሎት ነውና አትከልክሉት። ነገር ግን ከታመመው ሰው ጎን የምትቀመጡት እናንተ ሌሊቱን አይታችኋል፤ ያያችሁትን ተናገሩ። ይህ እሱን ማሳጣት አይደለም።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሕክምናውም አልተቋረጠም። ግን በቀደም ከቀጠሮ ስንመለስ ሸኖ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ባለቤቴ መስኮቱን ከፈተና «ቅቤው ስንት ነው?» አለ። ሳይወርድ፣ እዚያው ተቀምጦ ተከራክሮ ገዛ።