በሩ ላይ የቀሩት

ዛሬ ጠዋት 2:20 ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ አስፋልት ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች ቆመው አየሁ። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። ሰልፉ አልቋል፣ በሩ ተዘግቷል። አንዱ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቢሆን ነው፤ አፉን የከፈተ ጫማውን በላስቲክ አስሮታል። «ጋሼ፣ ውኃ ስቀዳ ነው የረፈደብኝ» ይላል። ዘበኛው አንጀቱ እየተላወሰ «ታዝዤ ነው የኔ ልጅ» አለው።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ አለ አይደል? ደንብ ልብሱም፣ ደብተሩም። ምገባው እኮ ስንቱን ልጅ መለሰ! የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ «ዛሬ ሩዝ ነው፣ ልሂድ» ብሎ አልቅሶ በሳቅ ገድሎናል። እና በር የተዘጋበት ልጅ ክፍሉ ብቻ አይደለም የቀረበት፤ ቁርሱም ነው።

በሩ ላይ የቆሙትን ልጆች እያየሁ ሰባተኛ ክፍል ትዝ አለኝ። አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ክፍልፋይ የገባኝ በእሷ ነው፤ እንጀራ እየቆረሰች ነው ያስረዳችኝ። ሁለት ቀን አረፈደችና «ወላጅ አምጪ» ተባለች። እናቷ በየሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ናት፤ አንድ ቀን ከቀረች ያን ቀን እራት የለም። ልጅቷ ይኼን አፍ አውጥታ እንዴት ትናገር? ጎረቤቷን «አክስቴ ናት» ብላ ይዛ መጣች። ተነቃባት። ሰልፍ ላይ አቆሟትና በሺህ ተማሪ ፊት ውሸታም ተባለች። በማግስቱ አልመጣችም። መምህሩ ስም ሲጠሩ ለሳምንታት የእሷ ተራ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ «አቋርጣለች» ተብሎ ተጻፈ።

አቋርጣለች! እሷ ናት ያቋረጠችው? የ1986ቱ ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ተማሩ ብሎ ነበር። የወጣችው መክፈል አቅቷት አይደለም። ችግሩን ለምዳዋለች፤ ያን ሰልፍ ነው ያልቻለችው። በጋዜጣ የለበደችው የሒሳብ ደብተሯ እኔ ጋ ቀረ፤ እናቴ ቤት አሁንም አለ።

ሰዓት አይከበር አላልኩም። ያረፈደ ይመዝገብ፣ በእረፍት ሰዓት ክፍል ይጥረግ፣ ለምን አረፈድክ ተብሎ ለብቻው ይጠየቅ። ግን ይግባ! የዛሬዎቹ 11 ልጆች ወደ ቤት የተመለሱ እንዳይመስላችሁ። አራቱ ከታክሲው ኋላ ያለው ጆተኒ ቤት ገቡ። ጆተኒ ቤቱ በ2:20 ክፍት ነው።

እዚህ ገጽ ላይ ርእሳነ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ነገ ጠዋት ለዘበኛው «አስገባቸው» በሉት። ባለላስቲኩ ልጅ ታክሲዬ ሲነሳ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። በቃ፣ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።