ስለ ሸክላ ማጫወቻችን ጉምጉምታ

እናታችን ዐይናቸው ደክሞ ማንበብ ከተሳናቸው ወዲህ፥ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፉት ሸክላ በመስማት ነው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነው፤ እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን የታተመላቸው፥ በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት ናቸው። በጨዋታቸው ውስጥ ጣት አርፎ የድምፁ ጥላ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በቤታችን ግን በዚያ ጸጥታ መካከል፥ በቀፎ ውስጥ እንዳሉ ንቦች ያለ፥ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማ ነበር።

እናታችንም «ልጄ፥ ንቦችህ ዛሬም አልተኙም» ይሉን ነበር። ቀን ቀን ለተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ የምናስተምር በመሆናችን ይህ ቃል ያሳፍረን ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው ከሸክላው የሚያነሣው እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ የሚገኘው ኀይል እጅግ ትንሽ ነው፤ በተለመደው ዐይነት 5 ሚሊ ቮልት ያህል፥ ማለት የአንድ ቮልት 200ኛ እጅ ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ግን 220 ቮልት ሲሆን አርባ አራት ሺሕ ጊዜ ይበልጠዋል። ይህም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ፥ ጥቂት እንኳ ወደ ድምፁ ሽቦ ቢገባ ወፍራም ጉምጉምታ ሆኖ ይሰማል። በዚህ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ መስመሩ እንዳይሰፋ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፤ ሲጫወትም አምፕሊፋየሩ የተቀነሰውን መልሶ ያጐላዋል። አሜሪካኖች በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥርዐት መሠረት፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ድምፅ ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል ይጐላል። እንግዲህ ለሌባው በሩን ሰፋ አድርገን የምንከፍትለት ራሳችን ነን።

በእኛ ቤት ግን ሌላም ነገር ተጨምሮ ነበር። ልጃችን ሸክላዎቹን ለመቅዳት ኮምፒዩተሯን በአንድ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋራ አገናኝታ ነበር። አምፕሊፋየሩ በራሱ ስፒና ከመሬት ሽቦ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ኮምፒዩተሩም በሌላው ግድግዳ እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ጊዜ በመሬት ሽቦ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በድምፁ ገመድ ተገናኝተው መንገዱ ክብ ሆነ፤ የማይፈለገውም ኤሌክትሪክ በአውድማ ላይ እንዳለ በሬ ሲዞርበት ይውል ነበር።

ይህን የተረዳነው ኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን አንድ ወዳጃችን «የመሬቱን ሽቦ ፍታው፤ ዝም ይላል» ብሎ ስለ መከረን፥ ካቻቢቴ አንሥተን ከአምፕሊፋየሩ ስፒና ውስጥ አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ፈታነው። ጉምጉምታው እጅግ ቀነሰ። እናታችን መረቁን፤ እኛም ሳናፍር ምርቃቱን ተቀበልን። ይህ ሽቦ ፈጽሞ እንዳይፈታ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍን በዚያ ምሽት ትዝ አላለንም።

በአራተኛው ቀን ልጃችን ቅጂዋን ጨርሳ ገመዱን ከኮምፒዩተሩ ነቀለች። ቅዳሜ ነበርና ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ እርሷም ባዶ እግሯን ነበረች። የአምፕሊፋየሩን የብረት ሽፋን ስትነካ ጮኸች። ሮጠን ስንደርስ ክንዷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ አገኘናት። «አባዬ፥ ነዘረኝ» አለች፤ ጣቶቿም ይንቀጠቀጡ ነበር።

ወደ ጠጋኝ ስንወስደው የአሮጌው ትራንስፎርመር መከለያ ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያፈስስ እንደ ነበረ ታወቀ። የመሬቱ ሽቦ ሳለ ያ ሁሉ ወደ መሬት ይወርድ ነበር። እኛ ሽቦውን ከፈታነው በኋላም በኮምፒዩተሩ ገመድ በኩል እየወረደ ሦስት ቀን ታገሠን፤ ገመዱ ሲነቀል ግን ከልጃችን እግር በቀር ሌላ መንገድ አላገኘም። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ስንነግራት፥ «ባለፈው ዓመት እንዳይፈታ ያስተማርከን አንተው ነህ» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ትራንስፎርመሩ ተለወጠ፤ የመሬቱ ሽቦም ወደ ቦታው ተመለሰ። ኮምፒዩተሩ ባይኖርም ጥቂት ጉምጉምታ ስለ ቀረ፥ በዚህ ጊዜ ሳንቸኵል መረመርን። መምረጫውን ወደ ራዲዮ ስናዞር ድምፁ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ በማጫወቻው ወገን ነው። የመርፌውን የብረት ክንድ በጣት ስንነካ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ቀጭን የመሬት ሽቦ አልያዘም ማለት ነው። በርግጥም ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ላልቶ ነበር። በቢላዋ ፋቅነው፥ በስታኞ በየድነው፥ ከቡሎኑ ሥር አጠበቅነው። በአምፕሊፋየሩ ላይ ተቀምጦ የነበረውንም ማጫወቻ፥ ከትራንስፎርመሩ እንዲርቅ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጐን አዛወርነው። ልጃችን ለመቅዳት ስትፈልግም ሁለቱን ስፒናዎች በአንድ ማከፋፈያ ላይ እንሰካቸዋለን፤ ክቡ መንገድ ሲያጥር ጉምጉምታው የሚሰማ አይሆንም።

ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርገን ጆሯችንን ብናስጠጋ ዛሬም በጥቂቱ ይሰማል። እናታችን ግን በዚያ ሳምንት የእማሆይን ሸክላ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ጸጥ ብለው ቈዩና «አለቀ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ በፊት ማለቁን የሚያውቁት በንቦቹ ነበር።