ማኅበራችንና አንድ የአገር ልጅ

እኛ ይህን ጽሑፍ የምንጽፍ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነን። ስማችንን ከጽሑፉ ግርጌ አላኖርንም። ፈርተን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ አዎን፣ ፈርተናል፤ ዋናው ምክንያት ግን የምንጽፍላቸው ጓደኛችን እንዳይታወቁብን ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ማን ማን እንደ ሆንን ለማወቅ አትድከም። ጓደኛችንንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እሳቸው» ስንል ብትሰማ አትሳቅ፤ ምክንያቱን በቦታው እንነግርሃለን።

ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሁሉ የአገር ልጆች ማኅበር እንዳለው የታወቀ ነው። ለእኛም አለን። ከላይ ጋይንት ከነፋስ መውጫ፣ ከታች ጋይንት ከአርብ ገበያ፣ ከስማዳ ከወገዳ፣ ከእስቴ ከመካነ ኢየሱስ የመጣን ሁሉ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር እናዋጣለን። ይኸውም አባት ለሞተበት መሳፈሪያ፣ ለታመመ መድኃኒት፣ ኪሱ ለደረቀ ሳሙናና ደብተር እንዲሆን ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ የጋይንት ልጆች የእናት የአባታችንን ደኅንነት መስማት ባልቻልንበት ሰሞን፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች አልጋቸውን ለቀውልን መሬት ተኝተዋል። ከምግብ ቤት ዳቦ በኪሳቸው ይዘው እየመጡ አብልተውናል። ያን ጊዜ አንዱም «አንተ ምንድን ነህ? አንቺስ ምንድን ነሽ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኛም በማኅበራችን የምንኮራው በዚህ ነበር።

ጓደኛችን ነገሩን የነገሩን በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው። መብራት ጠፍቶ በደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ ነበር፤ ፊታችንን ላለማየት ጨለማውን መርጠው ይሆናል። ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታ የእሳቸው እንዳልሆነ ጥጃ ከሚጠብቁበት ዕድሜ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ ይህንንም ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሩን። ፈረንጆች «ትራንስጀንደር» የሚሉት ይህን ነው። እሳቸው ግን ቃል አልፈለጉለትም፤ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብቻ አሉ። ወንድ ሆነው ተወልደው ሴት ነኝ ያሉ፣ ወይም ሴት ሆነው ተወልደው ወንድ ነኝ ያሉ እንደ ሆነ አንናገርም።

ያን ሌሊት ያደረግነውን ስናስታውሰው ያሳፍረናል። አንዱ ሳቀ። አንዱ «ጠበል እንውሰድዎ» አለ። አንዲቱ ደግሞ «ይህ ከፈረንጅ አገር በስልክ የመጣ ነገር ነው እንጂ በእኛ አገር የለም» አለች። የቀረነው ዝም አልን፤ ከሁሉም የከፋው የእኛ ዝምታ እንደ ነበረ ጓደኛችን ኋላ ነግረውናል።

«በእኛ አገር የለም» የተባለውን ግን ሳንመረምር ማለፍ አልቻልንም፤ ምክንያቱም ከመካከላችን የታች ጋይንት ልጆች አንድ ሰው እናውቅ ነበር። በልጅነታችን በመንደራችን አጠገብ የሚኖር፣ ሰው ሁሉ «ወንዳገረድ» የሚለው ሰው ነበር። ከበሽሎ ማዶ እንደ መጣ ይነገር ነበር እንጂ ከየት ቀበሌ፣ ከማን ወገን እንደ ሆነ የጠየቀው የለም። ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። እንዝርት ያሾር ነበር፤ ጥጡም እንደ እናቶቻችን ጥጥ የቀጠነ ነበር። ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አለ። ባሎች አይቀኑበትም፤ ሚስቶች እንደ ወንድም ያዩታል። ሠርግ ያለ እሱ ዘፈን አይደምቅም። የመንደሩ ሰው አልመታውም፣ አላባረረውም። በዕድር ግን አልተጻፈም፤ ዕድር የሚጻፈው በአባወራና በእማወራ ነውና፣ እሱ የትኛው ነው ተብሎ ይጻፍ?

በሞተ ጊዜ እናቶቻችን የነገሩን እንዲህ ነው። ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ጠየቁ። የሚያውቅ ጠፋ። አብራው ጠላ ትጠምቅ የነበረች አንዲት ሴት «ስትጸልይ ራስዋን ወለተ ማርያም ስትል ሰምቻለሁ» አለች። ካህኑ ወደ ሬሳው አዩ፣ ወደ ሴቲቱም አዩ። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን በሚጠመቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በመጨረሻም ገብረ ክርስቶስ ብለው ፈቱት። ያ ስም የማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ይህን እያሰብን በቤተ መጻሕፍት ስንፈልግ ሳይመን ሜሲንግ የተባለ የባሕል ተመራማሪ የጻፈውን አገኘን። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር አካባቢ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ያጠና ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1957 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ስለ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ያነሣል። ሕዝቡ የእግዚአብሔር ስሕተት አድርጎ እንደሚያያቸው፣ ሴቶች እንደ ወንድም እንደሚቀበሏቸው፣ የሚያፍሩባቸው ዘመዶቻቸው ብቻ በመሆናቸው ወደ ሌላ አውራጃ ሄደው እንደሚኖሩ ጽፏል። ይህን ስናነብ የበሽሎ ማዶው ሰው ፊታችን ቆመ። እንግዲህ ከየት እንደ መጣ ያልጠየቅነው ለካስ መልሱን ሁላችንም ስለምናውቀው ነበር!

ሜሲንግ ግን አንድ ነገር ጨምሯል፤ እኛ የማንስማማውም በዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ሕዝቡ ስለሚታገሣቸው የራሳቸውን ማኅበር አላቆሙም ይላል። መታገሥና ማኅበር ማግኘት አንድ ናቸውን? ሰው ታግሦህ ጠላህን ይጠጣል፣ በዘፈንህ ይጨፍራል፤ ስትሞት ግን የክርስትና ስምህን አያውቅም።

በሌላ ቦታ ጥላ ያገኙም አሉ። በደቡብ በማሌ ሕዝብ ዘንድ «አሽቲሜ» የሚባሉ፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ዶናልድ ዶናም እንደ ጻፈው የሚጠጉት ወደ ንጉሡ ግቢ ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደረሰ ጊዜ ግን ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። በጎንደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ከመልካም አየሁ ቤት እየዋለ የዛር ማኅበርን አጥንቷል። በዚያ ቤት ወንድ ዛር የያዛት ሴት እንደ ወንድ ትናገራለች፣ በወንድነትም ትከበራለች፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተከፋ ይጽናናል። ዛርን ለማወደስ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን የምትለውን እናውቃለን። የምንለው ሰው ማኅበር ካጣ በዛርም ቤት ቢሆን ይፈልገዋል ነው።

ቤተ ክርስቲያንን ካነሣን ዘንድ፣ ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ በዙር አባ የቆሎ ተማሪ ነበርና በነሐሴ 15 ቀን የሚነበበውን የስንክሳር ታሪክ አስታወሰን። እንባ መሪና ሴት ሆና ሳለ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በወንድ ስም ተጠርታ በወንዶች ገዳም መነኰሰች። ከአንዲት ልጃገረድ ወለደ ተብላ በሐሰት በተከሰሰች ጊዜ እንኳ ሴትነቷን ገልጣ ራስዋን አላዳነችም፤ ከገዳሙ ደጅ ተጥላ የሰው ልጅ አሳደገች። መነኰሳቱ እውነቱን ያወቁት ሬሳዋን ሲገንዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን የምታነበው ስለ ትዕግሥትዋና ስለ ተጋድሎዋ እንጂ እኛ ስለምንናገረው ጉዳይ አይደለም፤ የማይገናኘውን እናገናኝ አንልም። ጓደኛችን ግን ታሪኩን ሰምተው ለብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «መነኰሳቱ ያለቀሱት ዘግይተው ነው» አሉ።

አሁን ወደ «አንቱ» እንምጣ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ጓደኛችንን ለመጥራት ተቸገርን። «አንተ» ቢሏቸው ወይም «አንቺ» ቢሏቸው፣ አንዱ ያቆስላቸዋል፤ ሌላው በሰው ፊት ያጋልጣቸዋል። አማርኛችን በዚህ ጨካኝ ነው፤ «ና» እና «ነይ» ሳይል ሰው አይጠራም። መውጫውን ያገኘችው ያችው «በእኛ አገር የለም» ያለችው እኅታችን ናት። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «አንቱ፣ ሻይ ይጠጣሉ?» አለቻቸው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። አንቱታ ለአባትም ለእናትም፣ ለቄስም ለእመምኔትም አንድ ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በግቢው ያሉ ሌሎች ተማሪዎች የጋይንት ልጆች ፌዝ እየመሰላቸው እነሱም «አንቱ» ይሏቸው ጀመር። ሳያውቁት ደግ ሥራ ሠርተዋል።

የማኅበራችን ነገር ግን እንዲህ አልቀናም። ከአባላቱ አንዱ ወደ አገር ቤት ደውሎ ለአባታቸው ነገረ። አባትየውም ገንዘብ መላካቸውን አቆሙ፤ ለሠርግ ቀን ቆርጠናልና ትምህርቱን ትተው ይምጡ የሚል መልእክትም ላኩ። ጓደኛችን ከማኅበሩ መሳፈሪያና የቤት ኪራይ ጠየቁ፤ መሳፈሪያውም ወደ ሌላ ከተማ ለመሸሽ ነበር። ስብሰባ ተጠራ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። በነሐሴ 2013 መሬት የተኛልን ሰው ተነሥቶ «የማኅበሩ ገንዘብ ለኀዘንና ለሕመም ነው፤ ይህ ኀዘንም ሕመምም አይደለም» አለ። ሕመም አለመሆኑንስ በትክክል ተናግሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ክፍል አውጥቶታል። እሱ ግን ይህን ማለቱ አልነበረም። እጅ ሲቆጠር ተሸነፍን።

የተሸነፍነው በክፋት ብቻ ነው ብንል ውሸት ይሆናል። ብዙዎቹ ፈርተው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከቁጥር 629 እስከ 631 የሚቀጣው በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ሰው በልቡ ስለሚያውቀው ጾታ እነዚህ ቁጥሮች አንድ ቃል የላቸውም። መንደር ግን ቁጥር እየለየ አይፈርድም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ፖሊስ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ፍተሻ ማድረጉን አስታውቆ ሕዝቡ እንዲጠቁም በጠየቀ ጊዜ፣ ጠቋሚ ልብስንና አረማመድን አይቶ እንደሚጠቁም ለማንም ግልጥ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ለጓደኛችን ከጓደኝነት የበለጡ ናቸው። እኚህ ሰው በዚያ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱ ተቀምጠው፣ ፍቅራቸው የሆኑት ሰው ነገር በእጅ ብልጫ ሲወሰን አይተዋል። ኋላም በሌሊት ከመጸዳጃ ቤት ሲያለቅሱ አገኘናቸው። ስለ እሳቸው ከዚህ የበለጠ አንጽፍም፤ ከእኛ ውስጥ መሆናቸው ይበቃል።

በማግሥቱ ስምንት ሰዎች ሆነን ሌላ ነገር ጀመርን። ስም አላወጣንለትም፤ ዕቁብም ጽዋም ሊባል ይችላል። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ተሰብስበን ያለንን እናዋጣለን፤ ዳቦ ቆርሰን እንበላለን፤ በሳምንቱ ጓደኛችንን ያስከፋቸው ነገር ካለ እንሰማለን። ደንባችን አንድ ነው፤ ማንም የሰማውን አያወጣም። ጓደኛችን ያን ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ሁለት ወር ቆዩና ተመለሱ። «የማያውቀኝ ሰው ብዙ ነበር፤ የሚያውቀኝ ግን አንድም አልነበረም» አሉን። በዚያ ብቸኝነት ሳሉ ከውጭ አገር የሚኖሩ እንደ እሳቸው ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የሚባል ማኅበር መኖሩን ሰምተው ነበር። ስሙን ሲነግሩን ገረመን፤ ጉራማይሌ በእናቶቻችን ድድ ላይ ጥቁሩና ቀዩ እየተፈራረቀ የሚነቀስ ንቅሳት ነውና።

ባለፈው ዓመት የጓደኛችን አክስት ከእስቴ መጡ። አባትየው አልመጡም፤ ዛሬም ድረስ አልታረቁም። አክስትየዋ በማዳበሪያ ከረጢት ዳቦ ቆሎና በሶ ይዘው፣ መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሌሊት በመንገድ አድረው ነበር የደረሱት። በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንበላ «አንቱ፣ ይጨምሩ እንጂ» ስንል ሰሙ።

«አንቱ የሚያሰኝ ምን ሹመት ተገኘ?» ብለው ሳቁ። ጉራማይሌው ድዳቸው ታየ።

ማንም አልመለሰም። ጓደኛችን አንገታቸውን ደፉ። አክስትየዋ እኛን አንድ በአንድ አዩን፤ ከዚያም ወደ ጓደኛችን ዞረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ልብስ የሚያጥበው ማነው? ሲታመሙስ ማን ያስታምማል?» አሉ። «እኛ ነን፣ እትዬ» አልናቸው።

«በሉ» አሉና ከከረጢቱ ሁለት እፍኝ ዘገኑ። አንዱን ለእኛ በነጠላችን አፈሰሱልን። ሁለተኛውን ወደ ጓደኛችን ዘርግተው «ይያዙ እንጂ፣ እጄ ደከመኝ» አሏቸው።